የላስታ ጾምና የሮም ሥዕል

ከሐብሩ መርሳ ተነሥተን፣ ወልድያን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ የሚቀበለን የላስታ ተራራ ነው። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ይህን ተራራ ብናስታውስ አይፈረድብንም።

ዐፄ ሱስንዮስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1622 ካቶሊክነትን ተቀበሉ። በ1626 በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም ታዛዥነታቸውን በመሐላ አጸኑ። ከዚያማ የትንሣኤው ቀን ተለወጠ፤ የዐቢይ ጾም መግቢያም አብሮ ዞረ። የረቡዕ ጾም ተሽሮ ቅዳሜ ተተካ። ከቅዳም ሹር በቀር ቅዳሜን ጾሞ ለማያውቅ ገባር ይህ ምን እንደሆነ እስቲ እናስበው! የባሕርይ ክርክር የሊቃውንት ነው፤ ጾም ግን የማጀት ጉዳይ ነው፤ ባልቴቷም ሕፃኑም ያውቀዋል።

ላስታ በመልክዐ ክርስቶስ መሪነት ሸፈተ። ንጉሡ ኋላ ረቡዕን ቢፈቅዱም ነገሩ አልፎ ነበር። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ድል አደረጉ፤ ሺዎች ወደቁ፤ የወደቀው ግን የገዛ አገራቸው ሰው ነው። በዚያው ሰኔ የአባቶችን ሃይማኖት በዐዋጅ መለሱ።

ታዲያ እኛን የሚገርመን ሌላ ነው። ኢየሱሳውያኑ የሮሟን የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ ይዘው መጥተው ነበር፦ እጆቿን አጣምራ ልጇን የታቀፈችውን እመቤታችንን። እነርሱን ፋሲለደስ አባረሯቸው። ሥዕሏን ግን ማንም አላባረራትም፤ የጎንደር ሠዓልያን ደጋግመው ሣሏት። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት የሚሰግድ ገበሬ የመጣችበትን አገር አይጠይቅም። ለነገሩ ተአምረ ማርያምም እኮ ከምዕራብ ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል ነው ግእዝ የገባው።