እውነተኛ ወሬ ለማን ይነገራል? የኢትዮጵያ ሙስሊም በዐረቡ ዓለም የዜና አውታሮች፣ ከ1934 እስከ 1938

የሐዲሥ ዑለማዎች ወሬን የሚመዝኑት በሁለት ወገን ነው፤ በሰነዱና በመትኑ። ማን ከማን ሰማ፣ የተሰማው ቃልስ ከታወቀው ጋር ይስማማል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽም ፋሲቅ ወሬ ይዞ ሲመጣ ሳናረጋግጥ በሌሎች ላይ ጉዳት እንዳናደርስ ታዝዘናል። ውሸትን ከእውነት ለመለየት ከዚህ የጠነከረ ሥርዐት አናውቅም። ይሁንና ወሬው እውነት ሆኖ ሳለ ሰሚውን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። እዚህ የምንመለከተው እንዲህ ያለውን ነው፤ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በደል በካይሮ፣ በጄኔቫና በባሪ እንዴት እንደ ተነገረና ለምን እንደ ዋለ። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ረሺድ ሪዳ አል-መናር የተባለውን መጽሔት በ1898 በካይሮ ከመሠረቱ ወዲህ የሙስሊሙ ፖለቲካዊ ክርክር ከመስጊድና ከመድረሳ ቅጥር ወጥቶ በኅትመት ላይ ጭምር ይካሄድ ጀመር። ማንበብ የማይችለውም ቡና ቤት ተቀምጦ አንዱ ሲያነብ ይሰማ ነበርና የጋዜጣው ኃይል በታተመው ቅጂ ብዛት ብቻ አይለካም። በዚህ ላይ በ1934 ከደቡብ ኢጣሊያዋ የባሪ ከተማ የዐረብኛ የራዲዮ ሥርጭት ተጀመረ። ባሪ አድማጭ የሳበው በዜናው ብቻ አልነበረም፤ ዘፈንና ጨዋታም ነበረው። በ1935 ኢጣሊያና ብሪታንያ በኢትዮጵያ ጉዳይ ሲጋጩ በለመደው አድማጭ ጆሮ የሚገባው ዜና በብሪታንያ ላይ እየጠነከረ ሄደ።

ወረራው የተጀመረው ጥቅምት 3 ቀን 1935፣ በሂጅራ በረጀብ 1354 ነው። በዚያው ዓመት ስለ ሐበሻ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት በካይሮ ታተሙ። ዩሱፍ አሕመድ «አል-ኢስላም ፊል-ሐበሻ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የኢትዮጵያ ሙስሊሞች የደረሰባቸውን በደል ዘረዘሩ። ጠበቃውና ደራሲው ሙሐመድ ሉጥፊ ጁምዓ በበኩላቸው ኢትዮጵያን የአፍሪካ አንበሳ፣ ኢጣሊያን ነብር አድርገው በሰየሙት መጽሐፍ ከተወራሪዋ ጎን ቆሙ። ሁለቱ ወገኖች የተከራከሩት ከአንድ የታሪክ ጎተራ እየዘገኑ ነበር። ለአንዱ ሐበሻ ማለት ነጃሺ ነው፤ በ615 ግድም ሶሓቦችን የተቀበለ፣ አሳልፎ ያልሰጠ ፍትሐዊ ንጉሥ። ለሌላው ሐበሻ ማለት የ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤና የወሎ ሙስሊሞች በግድ መጠመቅ፣ የ1887ቱ የሐረር መያዝ፣ የጅማ ራስ ገዝነት በ1932 ማክተም ነው።

ከእነዚህ አንዱም ፈጠራ አይደለም። የቦሩ ሜዳን ነገር የካዱ የአገራችን ጸሐፊዎች ቢኖሩ ኖሮ እኛው ራሳችን ተነሥተን በተቃወምናቸው ነበር። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተፈጸመው ግፍ በ1935 እንደ ትኩስ ዜና የተነገረው ለማን ጥቅም ነው?

በዚህ ረገድ ከሸኪብ አርሰላን የበለጠ የሚያስተምር ሰው የለም። አርሰላን ተራ ቅጥረኛ አልነበሩም። በ1930 በጄኔቫ ላ ናሲዮን አራብ የተባለውን የፈረንሳይኛ መጽሔት ከባልደረባቸው ጋር መሥርተው ለዐረቦች ነፃነት ይሟገቱ ነበር። ኢጣሊያ በሊቢያ የፈጸመችውን ግፍ፣ ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር (ረሒመሁላህ) በመስከረም 1931 መሰቀላቸውንም አጥብቀው ካወገዙት ብዕረኞች ዋነኛው እሳቸው ነበሩ። በ1934 ግን ከሙሶሊኒ ጋር ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ብዕራቸው ለሮማ ለዘበ፤ ሙስሊሞችን ለበደለች መንግሥት ሙስሊሞች ማዘን የለባቸውም እያሉ ጻፉ። ለሊቢያ ተፈናቃዮች ምሕረት ለማግኘት ብለው እንደ ሆነ የሚከራከሩላቸው አሉ፤ ይህን ምክንያት ሙሉ በሙሉ አንጥለውም። ቢሆንም አንባቢው በእጁ የገባው የአርሰላንን ስምና የቀደመ ተጋድሎ ያስከበረው ቃል ነው። በሙሐዲሦች ሚዛን ቢታይ ነጋሪው ሲቃህ፣ የነገረውም ነገር የተፈጸመ ነው። የተጓደለው ሳይነገር የቀረው ነው።

ሳይነገር የቀረው ብዙ ነው። ዑመር አል-ሙኽታር ሲሰቀሉ የኢጣሊያን ጦር በምሥራቅ ሊቢያ ያዝ የነበረው ግራዚያኒ በ1935 በደቡብ ግንባር ኢትዮጵያን የወጋው ራሱ ነው፤ የሊቢያ ሙስሊም ወታደሮችንም ይዞ ዘምቷል። ከወዲህኛው ወገን ደግሞ በ1925 በኤል ቡር በኢጣሊያ ላይ ያመፀው ሶማሊያዊ ሙስሊም ዑመር ሰመተር በኦጋዴን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል። የግብፅ ቀይ ጨረቃ የሕክምና ቡድንም መጥቶ ቁስለኞችን ረድቷል። የካቲት 19 ቀን 1937 (በእኛ የካቲት 12 ቀን 1929) በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ መጋቢት 18 ቀን ሙሶሊኒ በትሪፖሊ ፈረስ ላይ ሆኖ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለውን ተቀበለ፤ የሙስሊሞች ጠባቂም ተባለ። ሰይፉ የተሠራው በፍሎረንስ ነው።

በአገር ውስጥ ያለው ግን እንዲህ በአንድ ቃል አይቋጭም። የኢጣሊያ አስተዳደር መስጊዶችን አሠርቷል፤ የአዲስ አበባው አንዋር መስጊድ ግንባታ የተጀመረው በዚያ ዘመን ነው። የቃዲ ፍርድ ቤቶችንና የዐረብኛ ትምህርትን ፈቅዷል፣ የሐጅ ጉዞንም ደግፏል። ለዘመናት ይህን የተከለከለ ሕዝብ የተሰጠውን ቢቀበል በእምነቱ የሚኖርበት ስፍራ በማግኘቱ ነው እንጂ አገሩን ስለ ሸጠ አይደለም። ባሪ ግን ይህን ልዩነት ይዞ ሊነግር አልፈለገም፤ የሚፈልገው በኢጣሊያ መምጣት የሚደሰት የኢትዮጵያ ሙስሊም ነበር። በእኛ አስተያየት የዚህ ወሬ ክፉ ፍሬ የታየው ጣቢያው ዝም ካለ በኋላ ነው። ከነፃነት ወዲህ ሙስሊሙን በባንዳነት ያሙት ሰዎች የተጠቀሙበት ያንኑ ለዐረብ አድማጭ የተሣለውን ሥዕል ነው። ጠላት ለራሱ ጥቅም የፈጠረውን ምስክርነት ወገን ሳይመረምር ተቀበለው፤ ሰነዱን የጠየቀ ጥቂት ነው። ይህን ዘመን የምታስተምሩ ሙዐሊሞች ስለ ሙስሊሙና ስለ ኢጣሊያ የሚነገረው ሁሉ መጀመሪያ ለየትኛው ሰሚ እንደ ተነገረ ተማሪዎቻችሁን ብትጠይቁ መልካም ነው። ኢማሞችም ዐርብ ዕለት በኹጥባ ላይ የሩቅ አገር ዜና ስትጠቅሱ ይኸው ጥያቄ ይመለከታችኋል፤ ሚንበር ላይ የተነገረ ወሬ ከጋዜጣው ይልቅ ይታመናልና።

የብሪታንያ መልስ ጥር 3 ቀን 1938 የተከፈተው የቢቢሲ የዐረብኛ ሥርጭት ነው፤ ጣቢያው በውጭ ቋንቋ የጀመረው የመጀመሪያ አገልግሎት ነበር። በመጀመሪያው የዜና ሰዓት አንድ ፍልስጤማዊ በብሪታንያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በዐክካ መሰቀሉ ተነገረ። የለንደን የውጭ ጉዳይ ሹማምንት ተቆጡ፤ በገንዘባችን በራሳችን ላይ እንዴት ይነገራል አሉ። የጣቢያው ሰዎች ግን የሚጎዳንን ከደበቅን የሚጠቅመንንም የሚያምነን አይኖርም ባዮች ነበሩ። ይህም ቢሆን ከጥቅም ስሌት አልወጣም፤ የረዘመ ስሌት ነው። ሆኖም ለአድማጩ ከባሪ የተሻለ ነገር አቅርቦለታል፤ ተናጋሪው ራሱን የሚጎዳ ወሬ ሲናገር ሰማ።

አራት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1938፣ ሁለቱ መንግሥታት በሮማ ተስማሙ። በውሉ ውስጥ አንዱ የሌላውን ጥቅም በፕሮፓጋንዳ እንዳይጎዳ የሚል ቃል ገባ፤ የባሪም ድምፅ በብሪታንያ ላይ ረገበ። ብሪታንያም በበኩሏ ለኢጣሊያ የምትሰጠው ነበራት፤ ውሉ በኅዳር ወር ሲጸና ኢትዮጵያ የኢጣሊያ ግዛት መሆኗን ዐወቀች።