ሁለቱ ሰንበታት፤ ከአርዲቦ ዳር እስከ አዲስ አበባ

ከደሴ ከተማ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ለከተማይቱ ስሟን የሰጣት ትልቁ ሐይቅ ከአጠገቧ ነው፤ ከዚያም በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ በተራሮች መካከል ተሸሽጎ ታናሹ አርዲቦ ይገኛል። ቀድሞ አርዲቦ ሞልቶ ሲፈስ ትርፉ በወንዝ ወርዶ ወደ ትልቁ ሐይቅ ይገባ ነበር። ትልቁ ሐይቅ ግን የተቀበለውን ውሃ ለሌላ አይሰጥም፤ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውምና።

ወደነዚህ ሁለት ውሆች ቅዳሜና እሑድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሰው ይመጣል። የሚመጣውም ለትልቅ ጕዳይ አይደለም። ከውሃው ዳር ሊቀመጥ፥ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ፥ ልጆቹን በታንኳ ሊያስቀዝፍ፥ ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል አይቶ ሊመለስ ነው። ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ነገር ትቶት ያልፋል፤ ጦርነትና ሹመት አይደለምና። ነገር ግን አንድ ሰው ቅዳሜንና እሑድን ባንድነት ማረፍ ይችል እንደ ሆነ በአገራችን ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት፥ የታሰሩበትና የተሰደዱበት ጕዳይ ነው። የክርክሩም አንዱ ችሎት ከዚሁ ውሃ ላይ፥ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። ዛሬ በከተማ «የሳምንቱ መጨረሻ» የሚለው አነጋገር ተለምዷል። ይህ ከውጭ የመጣ አባባል ነው፤ ከቀኖቻችን ስምም ጋር አይስማማም። እሑድ ማለት አንደኛ ማለት ነው፥ ሰኞም ሁለተኛ፥ ማክሰኞም የሰኞ ማግስት። እንግዲህ እሑድ የሳምንቱ ራስ እንጂ ጅራት አይደለም። ቅዳሜም ስሙን ያገኘው «ቀዳሚት ሰንበት» ከሚለው ነው፤ ከእሑድ ሰንበት የቀደመች፥ በኦሪት የታወቀችው ሰንበት ማለት ነው። ሳምንት የሚለውም ቃል ከስምንት የወጣ ሲሆን ከእሑድ እስከ እሑድ ሁለቱንም ጫፍ ቈጥሮ ስምንት ያደርጋል። አንድ ጸሐፊ «በሳምንቱ መጨረሻ፥ እሑድ» ብሎ ሲጽፍ ቃሎቹ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ አያስተውልም። ሕዝቡ ግን «ቅዳሜና እሑድ» ይላል፤ ትክክሉም እርሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በ13ኛው መቶ ዓመት መካከል፥ በ1248 ገደማ፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ሐይቅ መጥተው በደሴቱ ላይ ገዳሙንና ትምህርት ቤቱን አጸኑ። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይቈጠራሉ። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ሆነ። በሰሜን ደግሞ አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜ እንደ እሑድ ትከበር ብለው አስተማሩ። የእስክንድርያ መንበርና ከዚያ የሚላኩት ጳጳሳት ግን ይህን የአይሁድ ሥርዓት ነው ብለው ነቀፉት። ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ትተው በግብፅና በኢየሩሳሌም አልፈው በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ግን አልተበተኑም። ክህነት ቢከለከሉ፥ ከቤተ መንግሥትም ቢርቁ፥ በየገዳማቸው ቅዳሜን ማክበራቸውን ቀጠሉ።

በ1400 ዐፄ ዳዊት የእነዚህን ሰዎች አለቆች አስጠሩ። ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ ቅዳሜን እንዲተዉ አዘዙ፤ የደብረ ቢዘኑ አበ ምኔት አባ ፊልጶስ እንቢ አሉ። በዚህም ምክንያት ወደ ሐይቅ ተልከው በደሴቱ ገዳም ታሰሩ። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን የቅዳሜ ተቃዋሚ ነበሩና እስረኛው ከባላጋራቸው እጅ ገቡ ማለት ነው። አባ ፊልጶስ ከዚያ ውሃ መካከል የቈዩት አራት ዓመት ያህል ነው። በ1404 ንጉሡ እንዲፈቱ አዘዙ፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱ። የነገሩ ፍጻሜ የሆነው ግን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፥ ግብፃውያኑ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት፥ ሁለቱም ሰንበታት በመላው ቤተ ክርስቲያን እንዲከበሩ ተወሰነ።

እንግዲህ ዛሬ ከደሴ መጥቶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እግሩን ከውሃው ነክሮ የሚቀመጠው ሠራተኛ አያውቀው እንደ ሆነ እንጂ፥ አንድ መነኵሴ ያቺን ቅዳሜ አልለቅም ብለው የታሰሩት ከፊቱ ባለው ውሃ መካከል ነው።

በባላገር ዘንድ የሰንበት ደስታ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ መጀመሪያ የምናገኘው ክልከላ ነው። በሬ አይጠመድም፥ እንጨት አይፈለጥም፥ እኽል አይፈጭም፥ አይወቀጥም። ይህ ሸክም ይመስላል፤ ነገር ግን ጌታ ሎሌውን፥ አባት ልጁን፥ ሰውም በሬውን ሊያሠራ የማይችልበት ቀን ነው። ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ማኅበር ተራው የደረሰው ሰው ያመጣውን ዳቦና ጠላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባለችው ሰንበቴ ቤት ይካፈላሉ። ድኻውና መንገደኛው ከዚያ አይከለከልም። ቀጥሎም የተጣላ ይታረቃል፥ የታመመ ይጠየቃል። ቅዳሜ ደግሞ ከዓመት አንድ ጊዜ፥ ከፋሲካ ዋዜማ ከቅዳም ስዑር በቀር እስከ ማታ አይጾምባትም፤ ይህም ራሱ የዕረፍት ምልክት ነው። አንድ ነገር ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ውሃ የምትቀዳው፥ ወጥ የምትሠራውና እንግዳ የምታስተናግደው ሴት በሰንበትም አላረፈችም። ሥርዓቱ ወፍጮዋን አሳረፈላት እንጂ ምድጃዋን አላሳረፈላትም።

በወሎ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በአርዲቦና በሐይቅ ዙሪያ ያለው ባላገር ብዙው እስላም ነው፤ የክብር ቀኑም ዓርብ ነው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ሰው በዱዓ ተሰብስቦ መንዙማ ይባላል፥ ዕጣን ይጤሳል፥ ቡና ይፈላል። አንድ ቤተ ዘመድ ከሁለቱም ሃይማኖት ሰው ያለው በሆነበት አገር፥ ዓርብ የአንዱ፥ ቅዳሜና እሑድ የሌላው ሆኖ ጎረቤት የጎረቤቱን ቀን ያከብራል። ስለ ቡና ካነሣን ዘንድ አንድ ቃል ልጨምር። ክርስቲያኑ ሕዝብ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው እያለ ይርቀው ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ከእሑድ ቅዳሴ መልስ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡና፥ የከተማው ሰው ከሁሉ የበለጠ የሚወደው የሰንበት ደስታ፥ ከዚህ ጎረቤት የተገኘ ነው።

አዲስ አበባ በ1886 ስትቈረቈር ሰውን ወደዚያ የሳበው የፍል ውሃው መታጠቢያ ነበረ። እንዲህም ከሆነ ከተማይቱ ከመጀመሪያው የመዝናኛ ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የእሑድ ትልቁ ነገር ግብር ነበር። በአዳራሹ መኳንንቱ፥ ወታደሩና ተራው ሰው እንደየማዕርጉ እየተከታተለ ይገባል፥ ጥሬ ሥጋውን ይቈርጣል፥ ጠጁን ይጠጣል። ዛሬ የከተማው ሰው እሑድ ወደ ሥጋ ቤት ሄዶ ቁርጥ ሲያዝ በገንዘቡ የሚገዛው ያንኑ የግብር ትዝታ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ አጋፋሪ የሌለው መሆኑ ነው።

በ1917 ባቡር አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የቢሾፍቱ ሐይቆች ለከተማው ሰው ቀረቡ። በ1935 የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ ተቋቋመ። ስለ እግር ኳስ አንድ ሳምንት ብቻ ልጥቀስ። በ1962 ጥምቀት የዋለው ዓርብ ጃንዋሪ 19 ነበር፤ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ ሆነ፤ እሑድ ጃንዋሪ 21 ቀን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተደርጎ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈች። ሦስት ቀን ተከታትሎ እንዲህ የሞላ ዕረፍት ያች ከተማ ከዚያ በኋላ አይታ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

የቀረው የእሑድ ኑሮ የሰነድ ታሪክ የሌለው ነው። ጠዋት የእድር ስብሰባ፥ ከቀትር በኋላ የእቁብ ዕጣ፥ በጥር ወር ሠርግ፥ በመንደር ጠባብ መንገድ ላይ ድንጋይ ጎል አድርገው የሚጫወቱ ልጆች፥ ከቤት ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ። ከ2018 ማለቂያ ጀምሮ አንዳንድ አውራ መንገዶች በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲለቀቁ፥ ሕዝቡ ሳይጠራ ወጥቶ ሞላቸው። ገንዘብ የማይከፈልበት ስፍራ ሲገኝ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል።

ነገር ግን የደብረ ምጥማቅን ሁለት ሰንበት ዛሬ ማን ያገኛል ብለን ብንመረምር መልሱ ያሳዝናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀድሞ ቅዳሜ እስከ ቀትር ይሠራ ነበር፤ አሁን የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 አይበልጥም፥ ቅዳሜም ነፃ ነው። ሰዓቱም 40 ሳይሆን 39 የሆነው ዓርብ የቀትሩ ዕረፍት ለጁምዓ ሶላት እንዲበቃ ስለሚረዝም ነው። ይህች አንዲት ሰዓት ከብዙ ንግግር ይልቅ የአብሮነትን ነገር ታስረዳለች። የፋብሪካውና የንግድ ቤቱ ሠራተኛ ግን በሌላ ሕግ ይገዛል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። 48 ለ8 ሲካፈል 6 ነው። እንግዲህ የሳምንት ዕረፍቱ የማያቋርጥ 24 ሰዓት፥ በተቻለ መጠንም እሑድ ነው። ቅዳሜ በሕጉ የሥራ ቀን ናት። ዘበኛው፥ የታክሲው ረዳት፥ የቤት ሠራተኛይቱ እሑድንም የሚያገኙት በአሠሪያቸው ቸርነት ነው። የጥንቱ ሥርዓት ሎሌውንም በሬውንም በአንድነት ያሳርፍ ነበር፤ በዚህ ነገር ወደ ፊት ሄድን ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል።

ወደ አርዲቦ እንመለስ። በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለ ትልቁ ሐይቅ ሲጽፍ፥ በውሃው ውስጥ ጉማሬ እንዳለና ሰዎች ወደ ደሴቱ የሚሻገሩት ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንደ ሆነ ገልጿል። ዛሬ ጉማሬው የለም፥ ደሴቱም በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ በእግር ይገባበታል፤ ሴት ግን አትገባም። ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው መጥተው ከደጁ ይለያያሉ፥ እርስዋም ከውሃው ዳር ትጠብቀዋለች። ለእንግዳው የሚጠበሰው ቆሮሶ ዓሣም ለአገሩ አዲስ ነው፤ ወደ ሐይቁ የተጨመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እንግዲህ «የሐይቅ ዓሣ» ብለን የምናደንቀው ከእኛው ከብዙዎቻችን ዕድሜ አይበልጥም።

በ2021 መጸው ደሴና አካባቢዋ በጦርነት ተይዘው ሳሉ፥ ዲሴምበር ወር ላይ እስኪለቀቁ ድረስ፥ ወደ ውሃው ዳር ለመዝናናት የመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሰው ተመለሰ። ለእንግዳው ታንኳ የሚቀዝፈው ወጣት፥ ዓሣውን የምትጠብሰው ሴት፥ መኪናውን የሚጠብቀው ልጅ ገቢያቸውን የሚያገኙት ሌላው በሚያርፍበት ቀን ነው። እነርሱ የሚያርፉት መቼ እንደ ሆነ፥ ዓርብ ይሁን ሰኞ ወይም ከቶ አይረፉ፥ ከየቤታቸው ጠይቆ የጻፈ ጽሑፍ እስካሁን አላገኘሁም። ለማኅበራችን ወጣት አባሎች ከደሴ በቀላሉ የሚደረስበት የጥናት ስፍራ ነው፤ ሲሄዱም በሰኞ ቢሄዱ ይሻላል፥ እሑድ ሁሉም ሥራ ላይ ነውና።