አልታከምም የማለት መብትና የመንግሥት እጅ፦ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ ማኅበራዊ ጤና መድን



ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ላይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ሲሠራ የመስፍነ ሐረር ልዑል መኮንን መታሰቢያ ነበር፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። በአካባቢው የግል መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ያጣ ታካሚ ማዘዣውን ይዞ ወደነርሱ ይሻገራል። የመንግሥቱ ሆስፒታልና የነጋዴው መድኃኒት ቤት በአንድ ጎዳና መጎራበታቸው ዛሬ ማንንም አያስገርምም። ነገር ግን በዜጋው አካልና ኪስ ላይ መንግሥት እስከ ምን ድረስ ሊያዝ ይችላል የሚለው ጥያቄ እዚያው ጎዳና ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

ብዙዎቻችን ድንበሩን ያሰመረው ሕግ ነው እንላለን። የእኔ ክርክር ግን ሌላ ነው፤ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ መንግሥትን የገደበው ከሕጉ ይልቅ የእጁ ማጠር ነበር።

ሕጉ መኖሩ አይካድም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን አልቀበልም ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለዘመኑ ደፋር ድንጋጌ ነው። ሆኖም ያው አንቀጽ ስለ ሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚወጡ የግዴታ ምርመራና የግዴታ ክትባት ሕጎችን አይነካም። በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ለመያዝ በር ትቷል ማለት ነው። በሩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚታወቀው ግን ወረርሽኝ ሲመጣ ነው።

የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። በደጋው አገር ከታቢዎቹን ብርቱ እምቢታ ጠበቃቸው። ይህን እምቢታ በድንቁርና ብቻ የሚተረጉሙ ጽሑፎች አያሳምኑኝም። ሕዝቡ ከሕመምተኛው ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ በጥቶ የማስገባት የራሱ ጥበብ ነበረው። (ክትባትና ክታብ ከአንድ የግእዝ ግሥ፣ ከ«ከተበ» መወለዳቸውንም ልብ ይሏል።) በተጨማሪም በአገራችን በብዛት የነበረው ቀለል ያለው፣ ጥቂት ሰው የሚገድለው የፈንጣጣ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ገበሬው የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን መርፌ እንዲቀበል ሲጠየቅ ማመንታቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይሁን እንጂ የነጻነት ጠበቆች ሊሸሹት የማይገባ ሐቅም አለ። ባህላዊው ክተባ የሚያስገባው ሕያውን ፈንጣጣ ነው፤ የተከተበው ሰው ቢድንም ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። እዚህ ላይ የአንዱ ምርጫ የሌላው ሕመም ይሆናል። መንግሥት እጁን ለማስገባት ከዚህ የበረታ ምክንያት ሊኖረው አይችልም።

ነገር ግን ያ መንግሥት በየሸንተረሩ እየዞረ ሕዝቡን በግድ የሚከትብበት ኃይል አልነበረውም። ጥቂት የጤና ባለሙያዎችና የውጭ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ብራዚላዊው ሲሮ ዴ ኳድሮስ ይጠቀሳል። ዘመቻው አገሩን በሙሉ ከመከተብ ይልቅ በሽታው የታየበትን ቀዬ ፈልጎ በዙሪያው ያለውን ሰው መከተብን መረጠ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። የዘመቻው ስልት ከድህነት የመነጨ ቢሆንም፣ የግለሰቡን እምቢታ ለመጋፈጥ የሚያስገድደውን ቦታ አጠበበው። ይህን ስኬት ከሕክምና ታሪክ ባሻገር የአስተዳደር ታሪክ አድርጌ አነበዋለሁ።

በደርግ ዘመን የግል ሕክምና ተዳከመ፤ የ1986 ዓ.ም. የጤና ፖሊሲ ደግሞ ለግሉ ዘርፍ በሩን ከፈተ። ይህን በሰፊው ስለምታውቁት አልዘገይበትም።

አዲሱ ጥያቄ የመጣው በ2002 ዓ.ም. በወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ነው። ተቀጣሪው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታሰበ፤ አባልነቱም ግዴታ ነው። የግዴታው ምክንያት ግልጽ ነው፤ መግባት በፈቃድ ቢሆን ሕመምተኛው ይገባል፣ ጤነኛው ይቀራል፣ ገንዘቡም አይበቃም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በፈቃደኝነት ቢጀመርም፣ ግለሰብን ሳይሆን ቤተሰብን በሙሉ አባል ያደረገው ለዚሁ ነው።

የደመወዝተኛው መድን ትግበራ ግን ለዓመታት ሲራዘም ቆየ፤ ተቃውሞውም ከሠራተኛው ዘንድ ይሰማ ነበር። ይህን እምቢታ ከገበሬው እምቢታ ጋር ሳነጻጽረው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየኛል። ወደ ገበሬው ለመድረስ ከታቢው ተራራ መውጣት፣ ማግባባትና መለመን ነበረበት። ወደ ተቀጣሪው ለመድረስ ግን የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ይበቃል። የመንግሥት እጅ ረዝሟል፤ የሚገድበውም ከእንግዲህ ሕግ ብቻ ነው።

ስለሆነም የግዴታውን መርሕ ሳልቃወም የማስረዳት ሸክሙ በመንግሥት ላይ ነው እላለሁ። መዋጮውን የከፈለ ሰው ማዘዣ ተሰጥቶት መድኃኒቱን ከማዶ በራሱ ገንዘብ ቢገዛ ገንዘቡን ማን ይመልስለታል? ሌላ ጤና ተቋም መምረጥ ይችላል? አቤቱታውን የሚሰማው መዋጮውን የሚሰበስበው አካል ራሱ ነው ወይስ ሌላ? የሕግ ተማሪዎች አዋጁንና ደንቡን ከነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። አሁን ወደ ውይይቱ እንግባ።