ኖራ በማንዳል ወንዝ፣ ኖራ በአዊ ማሳ

ከፍ ያሉት ልጆቻችሁ በኖርዌጂያኑ ትምህርት ቤት ስለ አሲድና ቤዝ ይማራሉ፤ እነሱ «ሲረር ኦግ ባሰር» ይሉታል። ቤት መጥተው ሲጠይቋችሁ «የሳይንሱን ነገር አስተማሪህን ጠይቅ» ብላችሁ አትለፏቸው። የዚህ ትምህርት ግማሹ ማድ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ሎሚው፣ ኮምጣጤው፣ እርጎው፣ የእንጀራው እርሾ አሲድ ናቸው፤ የተቦካ ሊጥ ሲጎመዝዝ አሲድ ሠርቷል ማለት ነው። አመድ፣ ሳሙናና የዳቦ ሶዳ ደግሞ ቤዝ ናቸው። (እንዶድን ግን እዚህ ውስጥ አትክተቱት። እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል እንጂ የሚያጥበው ቤዝ ስለሆነ አይደለም።)

መለኪያውን ያወጣው የጎረቤት አገር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን ፒኤች የሚባለውን ቁጥር አስተዋወቀ። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ቁጥር ዝቅ ሲል አሲድነቱ የሚጨምረው በትንሹ አይደለም፣ 10 እጥፍ ነው። ሁለት ቁጥር ከወረደ 100 እጥፍ። ስለዚህ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር ከ7ቱ አፈር «ትንሽ ይለያል» አይባልም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የምንኖርበት አገር ደቡባዊ ክፍል፣ ሶርላንዴት የሚሉት፣ በሳልሞንና በትራውት አሳ የታወቀ ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ግን አሳው ከወንዙም ከሐይቁም እየጠፋ ሄደ። ሰው ምክንያቱን አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1959 አልፍ ዳኔቪግ የሚባል የአሳ ተመራማሪ ጥፋቱ ከዝናቡ አሲድነት ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ጻፈ። በ1967 ደግሞ ስዊድናዊው ስቫንተ ኦደን ነገሩን በጋዜጣ አወጣው፦ አሲዱ የሚመጣው ከሌላ አገር ነው።

እንዴት? በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በፖላንድና በሌሎችም አገሮች የሚቃጠለው ከሰል ውስጥ ድኝ አለ። ድኙ ሲቃጠል ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ከደመና ውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። የአካባቢያቸው ሰው ጭሱን እንዳይተነፍስ ተብሎ የጭስ ማውጫዎቹ ረጅም ሆነው ተሠሩ። ጭሱ ግን ከፍ ስላለ አልጠፋም፤ ነፋስ ተሸክሞት ሰሜን ባሕርን ተሻገረ። የሶርላንዴት ዐለት ደግሞ በአብዛኛው ግራናይትና የመሳሰለው ነው፣ የኖራ ድንጋይ እምብዛም የለበትም። አሲዱን የሚመክት ነገር መሬቱ ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1975 በረዶው ሲቀልጥ በቶቭዳል ወንዝ ትራውት በብዛት ሞቶ ተገኘ፤ ክረምቱን ሙሉ በበረዶው ውስጥ የተጠራቀመው አሲድ ባንዴ ወንዙ ውስጥ ገባ።

አሳውን የገደለው አሲዱ ብቻውን አይደለም። አሲዳማ ውሃ አፈር ውስጥ ተቀምጦ የነበረውን አሉሚኒየም ያሟሟዋል። የሟሟው አሉሚኒየም በአሳው መተንፈሻ ላይ ይለጠፍና ያፍነዋል። ይህችን አሉሚኒየም አደራ ያዙልን፣ ኢትዮጵያ ላይ እንፈልጋታለን።

ከዚያ በኋላ ድርድር ሆነ፤ ረጅም ድርድር። ጭሱን የሚለቁት መንግሥታት በቀላሉ አላመኑም። በ1979 ጄኔቫ ላይ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለትን የሚመለከት ስምምነት ተፈረመ፣ በ1994 ደግሞ የድኝ ጭስን የበለጠ የሚቀንስ ሌላ ስምምነት እዚሁ ኦስሎ ተፈረመ። ዝናቡ እየጠራ መጣ። መሬቱ ግን የጠጣውን አሲድ ቶሎ አይተፋም። ስለዚህ ኖርዌጂያኖች ወንዞቻቸውን በኖራ ማከም ያዙ። በማንዳል ወንዝ ከ1997 ጀምሮ ዱቄት የሆነ የኖራ ድንጋይ ወንዝ ዳር በተተከለ ማሽን እየተለካ ውሃው ውስጥ ይጨመራል። ሳልሞኑ ተመልሷል። ወጪውን በዋናነት የሚሸፍነው መንግሥት ነው።

እነሱ ካልክ የሚሉት እኛ ኖራ የምንለው ነው። ልጃችሁ ኖራን የሚያውቀው ምናልባት እንደ ግድግዳ ቀለም ብቻ ይሆናል፣ ያውም ካወቀው።

ወደ አገር ቤት እንሻገር። በአዊ፣ በጎጃም ደጋ፣ በወለጋ፣ በጨንቻና በሆሳዕና አካባቢ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። ከሚታረሰው የኢትዮጵያ መሬት 40 ከመቶ ያህሉ ይህ ችግር እንዳለበት ይነገራል። እዚያ ጥፋተኛው የማንም አገር ጭስ አይደለም። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት አጥቦ ወስዶታል። ሰብሉም ሲታጨድ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል፤ ጭዱ ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚሆን ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። እንደ ዩሪያ ያለ ማዳበሪያም በየዓመቱ ሲደጋገም አሲዱን ያባብሳል። አያቶቻችን ጓሮው ከሩቁ ማሳ ይሻላል ሲሉ እውነታቸውን ነው፦ የምድጃው አመድና የከብቱ ፍግ የሚደፋው ጓሮ ላይ ነበር።

አሉሚኒየሟ እዚህም አለች። በኖርዌይ አሳውን ያፈነችው በአዊ የገብሱንና የስንዴውን ሥር ታሳጥራለች፤ ሥሩ ጠልቆ ውሃ መሳብ አይችልም። ይባስ ብሎ በማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ትይዘዋለች፣ ተክሉ አያገኘውም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬ እህሉን ትቶ ለከሰል የሚሆን የውጭ አገር ግራር ተክሏል። ከሰሉ ገንዘብ ስለሚያመጣም ነው፤ ግን አፈሩ እህል እምቢ ማለቱም አለበት።

ይህ እናንተን በቀጥታ ይነካል፤ ከኛ መካከል በየዓመቱ ለወንድም ወይም ለአጎት የማዳበሪያ ገንዘብ የሚልክ ብዙ ሰው አለ። አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነ የዚያ ብር ግማሹ አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። መድኃኒቱ የማንዳሉ ነው፦ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ድንጋዩ አገራችን ውስጥ ሞልቷል፣ ደጀን ላይም ይፈጫል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ለአንድ ሄክታር 20 ወይም 30 ኩንታል ሊያስፈልግ ይችላል፣ ይህን መኪና በማይገባበት ቀበሌ በአህያ ማድረስ ቀላል አይደለም። በእኛ አስተያየት በስልክ «ማዳበሪያ ገዛችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «አፈሩ ተመርምሯል ወይ?» ማለት ይበልጣል። መጠኑን የሚወስነው ምርመራው ነው፣ ከልክ ያለፈ ኖራም ሰብል ይጎዳል። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ በሏቸው። አንዴ በደንብ የተሰጠ ኖራ ለጥቂት ዓመታት ይሠራል።

ለልጆቹ ደግሞ ይህን ሞክሩላቸው። ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ ቀቅሉና ወይን ጠጅ የሚመስለውን ውሃ በብርጭቆዎች ቅዱት። አንዱ ላይ ሎሚ፣ አንዱ ላይ የዳቦ ሶዳ፣ አንዱ ላይ የእርሾ ውሃ ጠብ አድርጉ። በአሲድ ይቀላል፣ በሶዳ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ከዚያ ሶዳውን ቀስ እያላችሁ ሎሚው ላይ ጨምሩት፤ ሲፈላና ቀለሙ ሲመለስ ማንዳል ላይ የሆነውን በብርጭቆ ያዩታል። «ጎመዘዘ»፣ «ኮመጠጠ»፣ «ቦካ»፣ «ኖራ»፣ «አመድ» የሚሉትን ቃላት እየሠሩ ይጥሯቸው፣ በኋላ ቅዳሜ ክፍል ውስጥ እንጠይቃቸዋለን። ቤቱ የእንጨት ምድጃ ያለው ወላጅ አንድ ማንኪያ አመድ በላስቲክ ቢልክልን ደስ ይለናል፤ ጎመኑን እኛ እንገዛለን።