መምህር ጓዙን ሲጭን፤ ከሰቆጣ ደጋ እስከ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ

የዋግ ሕዝብ የመንገድን ነገር ያውቃል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ጥንታዊት የገበያ ከተማ ስትሆን፣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ከአርሆ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ ከሚሠራጭባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ነጋዴው አህያውንና በቅሎውን ጭኖ ይወርዳል፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን ከቤት ይቀራሉ። ስለዚህ ጉዞው የቱንም ያህል ቢርቅ ነጋዴ ተመላሽ ነው። ጓዙን ጠቅልሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ የሚነሣ ሰው ግን የተለየ መንገደኛ ነው፤ ተመላሽ መሆን አለመሆኑን ራሱም በእርግጥ አያውቅም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሰቆጣ የሚያስተምሩ አንድ የሥራ ባልደረባችን ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነው። «በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ የሚገኝ የግል ትምህርት ቤት የሥራ ውል ልኮልኛል፤ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ልሂድ ወይስ ልቅር? ምን ይመክሩኛል?» አሉኝ። ወዲያው መልስ ለመስጠት አልደፈርሁም። ነገር ግን ለማስተማር ሲሉ ድንበር የተሻገሩ ሰዎች ከእሳቸው በፊትም ስለ ነበሩ፣ ያለፈውን መመርመር ለጥያቄያቸው ብርሃን ይሰጣል ብዬ አሰብሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ይገንዘቡልኝ።

ጓዝ አልባው ተማሪና ተፈላጊው መምህር

በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ዕውቀትን የሚሻ ሰው ከቤተሰቡ መለየት ግዴታው ነበር። የደጋው ልጅ ንባብና ዳዊት በአጥቢያው ከተማረ በኋላ ቅኔ ሲሻ ወደ ዋድላ፣ ድጓ ሲሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ሲሻ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ጓዝ አልባ መሆኑ ድህነቱ ብቻ ሳይሆን ነፃነቱም ነበር፤ መምህሩ ቢያልፍ ወይም አገሩ ቢራብ ወደ ሌላ ጉባኤ ለመሄድ የሚያግደው ነገር አልነበረምና።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያዊ መምህር በውጭ አገር ተፈላጊ የሆነበት ጊዜ መጣ። የይፋጉ ተወላጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ በርሊን ተጉዘው በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በናፖሊ የምሥራቃውያን ተቋም አማርኛ አስተማሩ፤ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውንም በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አሳተሙ። ሁለቱም ወደ አውሮፓ የተፈለጉት ሌላው ሊሰጠው በማይችለው ዕውቀት፣ ይኸውም በአገራቸው ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ጀርመን ወይም ጣሊያን የአለቃ ታዬን ወንበር የሚይዝ ሌላ ሰው በቀላሉ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

እኛ ተቀባዮች በነበርን ጊዜ

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት መምህር ተቀባይ እንጂ መምህር ላኪ አገር አልነበርንም። በ1908 እ.ኤ.አ. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች፣ ስዊድናውያን፣ ካናዳውያንና ሌሎችም መጡ። በ1955 ዓ.ም. ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች በአንድ ጊዜ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ።

ከሁሉም ይልቅ ለባልደረባችን ጥያቄ የሚቀርቡት ግን የሕንድ መምህራን ናቸው። አብዛኞቹ ከኬረላ የመጡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ባልና ሚስት ሆነው በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ሒሳብና ፊዚክስ በሕንድ መምህር እጅ የተማረ የዚያ ዘመን ተማሪ ዛሬም ስማቸውን በፍቅር ያነሣል። በአዲስ አበባ ለልጆቻቸው የሕንድ ትምህርት ቤት ተቋቁሞላቸው ነበር፤ በየአውራጃው ከተማ የተመደቡት ግን ልጆቻቸው ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወይ መለየት ወይ ሥራ መልቀቅ ይጠብቃቸው ነበር። ደመወዛቸው ሳይቀንስ፣ አክብሮታቸው ሳይጓደል፣ የልጅ ትምህርት ጉዳይ ብቻውን ቤታቸውን ሊያናጋው ይችላል ማለት ነው።

ውለው አድረውም የእኛ ተመራቂዎች በዙ፤ የሕንድ መምህራንም ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። ይህ በእነሱ ላይ የተፈጸመ በደል አይደለም። በውል የሚቀጠር መምህር የሚኖረው የአገሬው መምህር እስኪደርስ ድረስ ነውና። በዚያው ዘመን፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የኬረላ ሰው በብዛት ፊቱን ወደ ባሕረ ሰላጤው አዞረ።

ነዳጅና ጥቁር ሰሌዳ

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘመናዊ ትምህርት ከተጀመረ ገና ብዙ አልሆነውም። በኩዌት ሙባረኪያ የተባለው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1911 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ከፍልስጤም የመጡ መምህራን ትምህርቱን በአዲስ መልክ አደራጁት። በኦማን ሱልጣን ቃቡስ ሥልጣን በያዙበት በ1970 እ.ኤ.አ. በመላው አገሪቱ የነበሩት 3 መደበኛ ትምህርት ቤቶችና 909 ወንድ ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። የነዳጅ ዋጋ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያሻቅብ ትምህርት ቤቱ በአንድ ጊዜ ተስፋፋ፤ መምህሩ ግን በአንድ ጊዜ አይወለድምና ግብፃዊው፣ ፍልስጤማዊው፣ ዮርዳኖሳዊውና ሱዳናዊው ጓዙን ጭኖ ገባ።

ከእነዚህ መካከል የኩዌት ፍልስጤማውያን ታሪክ ልብን የሚነካ ነው። ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ትውልድ አስተማሩ፤ ልጆች ወለዱ፤ ልጆቻቸውም ከኩዌት ሌላ አገር ሳያውቁ አደጉ። ይሁን እንጂ በዚያ መወለድ ዜግነት አያሰጥም። ኢራቅ ነሐሴ 2 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ኩዌትን ወረረች፤ በተከታዩ ዓመት ኩዌት ነፃ ስትወጣ፣ የፍልስጤም መሪዎች የያዙት አቋም ለተራው ነዋሪ መከራ ሆነበት። ቀድሞ ከ300,000 በላይ የነበረው ማኅበረሰብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተበትኖ ጥቂቱ ብቻ ቀረ። ያባረራቸው የክፍል ውስጥ ጥፋት አልነበረም፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው።

ይህን እኛም በራሳችን ወገን አይተነዋል። ከወሎና ከዋግ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው አብዛኛው ሰው መምህር ሳይሆን በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ሴት ናት። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። መምህሩ ዲግሪ ስላለው ብቻ ራሱን ከእነዚህ እኅቶቹ ለይቶ ማየት አይገባውም። ደመወዙና ክብሩ ይለያል፤ «ከፊል» በሚባለው አሠሪ ስም መኖሩ ግን ያው ነው።

የውሉ ወረቀት

ወደ ዛሬው እንምጣ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአገሬው መምህር ቦታውን እየያዘ ስለ መጣ፣ ለውጭ ሰው የተከፈተው በር በአብዛኛው የግል ትምህርት ቤት ነው። እዚያም የሚፈለገው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ነው። መምህሩ ውሉን ሲያነብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በደመወዙ ላይ ነው። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ደመወዝ የሒሳቡ ግማሽ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል በሳዑዲ ዓረቢያ ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእያንዳንዱ ጥገኛ የቤተሰብ አባል ላይ በወር 100 ሪያል ተጥሎ፣ በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 እ.ኤ.አ. 400 ሪያል ደረሰ። በዚህ ስሌት ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉት ሰው በዓመት 19,200 ሪያል ማለት ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ቤተሰብ ለማስመጣት ቢያንስ 4,000 ድርሃም የወር ደመወዝ፣ ወይም 3,000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት ይጠየቃል። በጥገኛነት የገባች ሚስት ያለ ፈቃድ ተቀጥራ መሥራት አትችልም፤ እዚህ መምህርት የነበረች ባለቤት እዚያ የቤት እመቤት ብቻ ልትሆን ትችላለች። የልጆች ትምህርት በአሠሪው ካልተከፈለ፣ የቀረው ደመወዝ ወደዚያው ይፈስሳል። በጅዳና በሪያድ የተቋቋሙት የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ለብዙዎች መጠጊያ ሆነዋል፤ ከነዚህ ከተሞች ውጭ ላለ ግን መንገዱ ሩቅ ነው።

የጡረታም ነገር አለ። በእኛ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አበል መብት የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ሲያገለግል ነው። የባሕረ ሰላጤው ጡረታ የውጭ ዜጋውን አያቅፍም፤ በምትኩ ያለው የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ነው። በሳዑዲ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በላይ ላለው በየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰባል። ስድስት ዓመት የሠራ ሰው የሦስት ወር ተኩል ደመወዝ ይዞ ይወጣል፤ በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ ግን የሚያገኘው የዚሁን ሁለት ሦስተኛ ነው። እዚህ ስምንት ዓመት አገልግሎ የሚሄድ መምህር ሁለት ዓመት ቢታገሥ የሚያተርፈውን መብት ጥሎ እንዳይሄድ ማስላት ይኖርበታል።

ሰቆጣ የምታጣው

የደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደም በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ በፈሰሰበት ምድር «አገር ጥሎ መሄድ ነውር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ይህን ቃል በባልደረባዬ ላይ ለመናገር አንደበት የለኝም። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ መንግሥት የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ መምህራን ሳይወዱ በግድ ቤተሰባቸውን ይዘው ተሰደዋል፤ ሲመለሱም ወንበርና መጽሐፍ የሌለው ክፍል ጠብቋቸዋል። እንዲህ ካለው ስደት በኋላ በውልና በቪዛ የሚደረግ ጉዞ ቢያጓጓ አይፈረድም።

ይሁን እንጂ ቀደም ብዬ ያቆየሁትን ነጥብ እዚህ ላይ ላንሣ። ባልደረባችን ኽምጣኛ ተናጋሪ ናቸው። ኽምጣኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ከፈቀደ ወዲህ ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ገብቷል። የማስተማርን ሥልጠናና ይህን ቋንቋ አንድ ላይ የያዘ ሰው ከሌላ ክፍለ ሀገር በዝውውር አይመጣም። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ ነው። ለባሕረ ሰላጤው ትምህርት ቤት ባልደረባችን ከብዙ የሒሳብ መምህራን አንዱ ናቸው፤ ቢለቁ በወሩ ሌላ ይተካል። ለሰቆጣ ግን አለቃ ታዬ ለበርሊን የነበሩትን ያህል ናቸው። ልዩነቱ በርሊን ይህን አውቃ መክፈሏ፣ እኛ ደግሞ አውቀን አለመክፈላችን ነው። ስለዚህ ወቀሳው ከሚሄደው መምህር ይልቅ ዋጋውን ላላወቅንለት ለእኛ ይገባል።

ለባልደረባችን የሰጠሁት መልስ

በመጨረሻ የመከርኋቸው ይህን ነው። አንደኛ፣ የቤት፣ የቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የልጆች ትምህርትና የሕክምና ነገር በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ውሉም በሚመለከተው ሚኒስቴር ይጽደቅ፤ ደላላ ከመካከል አይግባ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻቸውን ሄደው ቤቱንና ትምህርት ቤቱን አይተው፣ ቤተሰቡን ከዚያ በኋላ ያስመጡ። ሦስተኛ፣ የመመለሻውን ቀን ከመነሻው በፊት ከባለቤታቸው ጋር ይወስኑ፤ ትልቁ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርስ መመለስ ይበጃል። አራተኛ፣ በቤት ውስጥ ኽምጣኛውም አማርኛውም አይቋረጥ፤ ልጁ ሲመለስ ከአያቱ ጋር በአስተርጓሚ የሚነጋገር ከሆነ ትርፉ ጉዳት ነው።

ለማኅበራችንም አንድ ቃል አለኝ። ማኅበሩ በ1941 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ስለ መምህሩ ኑሮ ሲሟገት ኖሯል። ዛሬም ለተወሰኑ ዓመታት በውል ወደ ውጭ የሚሄድ መምህር ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ሲመለስም የአገልግሎት ዘመኑና ደረጃው እንዲጠበቅለት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ደግሞ ለቋንቋ ዕውቀቱ ተገቢ አበል እንዲከፈለው መጠየቅ ይገባዋል። በሩ ከኋላው የማይዘጋበት ሰው ለመሄድም ለመመለስም አይፈራም።

የጨው ነጋዴው ወደ ሰቆጣ ይመለስ የነበረው ቤቱን በዚያ ስለ ተወ ነው። ቤቱን ይዞ የሚሄደው መምህር እንዲመለስ ከፈለግን፣ የሚመለስበትን ወንበር እኛ ልናቆይለት ይገባናል። ባልደረባዬ ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ጓዛቸውን አልጫኑም፤ ውሉንም አልመለሱም። ማታ ማታ ከባለቤታቸው ጋር እየተመካከሩ ነው።