ቪትዝ አርኤስ እና ጂአር ያሪስ፦ አሮጌዋና አዲሷ ፈጣን ትንሽ መኪና በምን ይለያያሉ?

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 1 መንገዱ ጠባብ፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር መኪና ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ልኩ ነው። ከዚህ ተነስቶ በጋላፊ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተሽከርካሪ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ፣ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ ወደብ ነው። የአዲስ አበባን ጎዳናዎች የሞሉት ትንንሽ ቶዮታዎች ብዙዎቹም የመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ከእነዚህ መካከል በስም የገነነችው ቪትዝ ናት። አንድ ስም ብትይዝም በየትውልዱ የተለያየች መኪና ናት፤ ፈጣን ተደርገው የተሠሩት ሞዴሎቿ ደግሞ ልዩነቱን አጉልተው ያሳያሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዋ ቪትዝ

ቶዮታ ቪትዝን በጃፓን ለገበያ ያቀረበው በጥር 1999 ነው። ቅርጿን የነደፈው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ነበር። በአውሮፓ "ያሪስ" በሚል ስም የተሸጠችው ይህች መኪና የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ርዝመቷ 3.61 ሜትር ሲሆን፣ ባለ 1 ሊትር ሞተሯ 70 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። የፍጥነት መለኪያዋ በአሽከርካሪው ፊት ሳይሆን በዳሽቦርዱ መሃል መቀመጡ መለያዋ ሆኖ ቆይቷል።

በዚያው ዓመት "አርኤስ" የተሰኘው ፈጣን ሞዴል ተከተለ። ባለ 1.5 ሊትር ሞተሩ ወደ 110 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት አለው። የመኪናዋ ክብደት ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ስለሆነ፣ ባለ አምስት ማርሹ ማኑዋል ከተማ ውስጥ ቀልጣፋ ነው። ይኸው የሞተር ዓይነት በኮሮላም ላይ የተገጠመ በመሆኑ መለዋወጫው ለመካኒክ እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ

በ2005 የወጣችው ሁለተኛዋ ቪትዝ 3.75 ሜትር፣ በ2010 መጨረሻ የመጣችው ሦስተኛዋ ደግሞ 3.885 ሜትር ርዝመት አላቸው። በሦስተኛው ትውልድ የፍጥነት መለኪያው ወደ አሽከርካሪው ፊት ተመለሰ። አርኤስ ግን በሁለቱም ትውልዶች ባለ 1.5 ሊትር ሞተሩን እንደያዘ ቀጠለ። መኪናዋ እየሰፋችና እየከበደች ስትሄድ ጉልበቱ በዚያው መጠን አላደገም።

በደኅንነት በኩል ግን ለውጡ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዋ ያሪስ በአውሮፓው የግጭት ፈተና በዩሮ ኤንካፕ አራት ኮከብ አግኝታ ነበር፤ የ2005ቷ ደግሞ አምስት አገኘች።

ጂአር ያሪስ

በ2020 ቶዮታ በጃፓን "ቪትዝ" የሚለውን ስም ትቶ "ያሪስ" በሚለው ተካው። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነችው ጂአር ያሪስ ከዓለም ራሊ ሻምፒዮና ጋር ታስባ የተሠራች መኪና ናት። ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተሯ በ2020ው የጃፓን ሞዴል 272 የፈረስ ጉልበት ያመነጭ ነበር፤ ጉልበቱም ወደ አራቱም ጎማዎች ይደርሳል። ክብደቷ 1,280 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከ1999ኙ አርኤስ ጋር ስትነጻጸር ጉልበቷ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። አርኤስ ለዕለት ሥራ የምትውል መኪና ሆና ትንሽ ፍጥነት የተጨመረላት ናት፤ ጂአር ግን ከጅምሩ ውድድርን ታሳቢ አድርጋ ተነድፋለች።

ከፍታ ምን ይለውጣል?

በወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር በየቦታው እኩል አይሠራም። አየሩ በሳሳ መጠን ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። በጅቡቲ 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ቪትዝ እንጦጦ ዳገት ላይ ወደ 55 ገደማ ትወርዳለች፤ የአርኤስ 110ም ወደ 85 ይጠጋል። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ይቀንስለታል። በጅቡቲ በኩል አየሩ ባይሳሳም፣ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የበጋ ሙቀት ኤርኮንዲሽነሩ ከትንሹ ሞተር ላይ ጉልበት ይሻማል።

አርኤስ ለምን ብርቅ ሆነች?

አንዱ ምክንያት ታክስ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ያወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተራቸው እስከ 1,300 ሲሲ በሆኑ መኪኖች ላይ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ በሆኑት ላይ ደግሞ 60 በመቶ ጥሎ ነበር። ባለ 1 ሊትር ቪትዞች ከመስመሩ በታች ሲቀሩ፣ 1.5 ሊትሩ አርኤስ ተሻገረው። በ2020 የጸደቀው አዋጅ በበኩሉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን በእጅጉ አከበደው።

ገዢ ምን ማየት አለበት?

ኋላ ላይ የተለጠፈ የ"አርኤስ" ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሻንሲ ቁጥር መነሻው ይናገራል፦ የመጀመሪያው ትውልድ አርኤስ "ኤንሲፒ13"፣ ሁለተኛው "ኤንሲፒ91"፣ ሦስተኛው "ኤንሲፒ131" ብለው ይጀምራሉ። "ኤስሲፒ10" ወይም "ኬኤስፒ90" የሚል ከሆነ መኪናዋ ባለ 1 ሊትር ናት።

ሁለተኛው ጉዳይ መሪው ነው። ጃፓን መንገዷን በግራ፣ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ደግሞ በቀኝ ይዘው ያሽከረክራሉ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ሲገዛ፣ የመሪው ዘንግ አገጣጠም፣ የፍሬኑ መስመርና ኤርባጉ በሚገባ መመለሳቸውን በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። የግጭት ፈተናው ኮከብ የተሰጠው ከፋብሪካ እንደወጣች ላልተነካካች መኪና ነውና።

"አዲስ ቪትዝ" ዛሬ

ስሙ ከጃፓን ቢጠፋም በአፍሪካ ተመልሷል። ከ2023 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የምትሸጠው ቶዮታ ቪትዝ በመሠረቱ ሱዙኪ ሴሌሪዮ ናት። ባለ 1 ሊትር ሞተሯ 67 ገደማ የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ይህ ከ1999ኟ ትንሿ ቪትዝ እንኳ ዝቅ ይላል።

ለኢትዮጵያዊ ገዢ ግን ምርጫው ከዚህም ጠቧል። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። ስለዚህ ጂአር ያሪስ በምስል የምትታይ ሆና ስትቀር፣ አሮጌዋ አርኤስ አገር ውስጥ ካሉት መካከል ብቻ ትፈለጋለች። ከአዲሶቹ ትንንሽ መኪኖች በኩል የቀረበላት ተፎካካሪ እንደ ቢዋይዲ ሲጋል ያለች የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ ርዝመቷ 3.78 ሜትር፣ ጉልበቷ 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ቁጥሩ ከአርኤስ ያነሰ ነው፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን ስለማይሻ፣ በካርቲየ 1 ያለው ጉልበት እንጦጦ ላይም አይቀንስም።