የደረት ግድግዳ መዛባት፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ የምስል ምርመራና የአገልግሎቱ ሂደት

ምንነቱ

የደረት ግድግዳ መዛባት የጎድን አጥንቶችን ከፍርምባ አጥንት ጋር የሚያገናኘው ልም አጥንት ያልተስተካከለ ዕድገት ሲኖረው የሚከሰት የቅርጽ ለውጥ ነው። በብዛት የሚታዩት ዓይነቶች ሁለት ሲሆኑ፣ እነርሱም ወደ ውስጥ የሰረጎደ ደረትና ወደ ውጭ የገፋ ደረት ናቸው። ችግሩ በሕፃንነት ሊታይ ቢችልም ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው ሰውነት በፍጥነት በሚያድግበት የጉርምስና ዕድሜ ነው።

መዛባት ያለበት ሰው ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ወደ ውጭ የገፋ ደረት አጥንቱ ሳይጠነክር ከተደረሰበት በደረት መደገፊያ ቀበቶ ሊስተካከል ይችላል። የሰረጎደ ደረት ግን ልብንና ሳንባን የሚጫን ከሆነ ለቀዶ ሕክምና ሊታጭ ይችላል።

የምስል ምርመራው ጥቅም

የመዛባቱ መጠን በዓይን ብቻ አይወሰንም። በሲቲ ስካን ምስል ላይ የደረት የውስጥ ስፋት ከጎን ወደ ጎን ይለካል፤ ይህም በፍርምባ አጥንትና በአከርካሪ መካከል ላለው አጭሩ ርቀት ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የቀረበው ይህ ስሌት የሃለር ልኬት ይባላል። ለምሳሌ ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ርቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 4 ይሆናል። የጤናማ ሰው ልኬት 2.5 አካባቢ ሲሆን፣ ከ3.25 በላይ ሲሆን ቀዶ ሕክምና ከግምት ይገባል። ይሁን እንጂ ውሳኔው የሕመም ምልክቶችን፣ የልብ አልትራሳውንድንና የሳንባ አቅም ምርመራን ጭምር ያገናዘበ ነው።

ምስሉ ለቀዶ ሐኪሙ መንገድ አመልካችም ነው። ጥልቁ ስፍራ የት እንደሆነ፣ ደረቱ ወደ አንድ ወገን መጠምዘዙን፣ ልብ ከቦታው መገፋቱንና ከፍርምባ አጥንት ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ በሆነው የነስ ዘዴ የተቆለመመ ብረት ከፍርምባው ሥር፣ በልብ ፊት ለፊት ስለሚያልፍ ይህ መረጃ ለታካሚው ደኅንነት ወሳኝ ነው። ብረቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ዓመት ከቆየ በኋላ ይወጣል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

1. በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መካኒሳ አቦና አካባቢው የሚኖሩ ተገልጋዮች በቅድሚያ በወረዳቸው ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ይቀርባሉ።
2. የጤና ባለሙያው አስፈላጊ መሆኑን ሲያምን የሪፈር ወረቀት ይሰጣል። ታካሚው በቅብብሎሹ መሠረት የደረት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥባቸው፣ እንደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳሉ ተቋማት ይላካል።
3. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀቱን መያዝ ይኖርባቸዋል።

ጥንቃቄዎች

- ሲቲ ስካን ጨረር ስለሚጠቀም በተለይ በልጆች ላይ ያለ በቂ ምክንያት መደጋገም የለበትም። ስለዚህ ቀደም ሲል የተነሳውን ፊልም ወይም ሲዲ ከነውጤቱ ጠብቆ መያዝና ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል።
- እርግዝና ወይም የእርግዝና ጥርጣሬ ካለ ከምርመራው በፊት ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል።
- የብረት ጌጥ ቆዳን የሚያሳክክ ከሆነ ለቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ ማሳወቅ ተገቢ ነው።
- ደረትን በወጌሻ ማሳሸት ወይም በኃይል ማሰር ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል አይመከርም።

በዕረፍት ጊዜ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ወይም ብርቱ የደረት ሕመም ያጋጠመው ሰው የሪፈር ወረቀት ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወዳለው የድንገተኛ ሕክምና ክፍል መሄድ አለበት።